ለዘጠኝ ጠረጴዛ የሚሆን አዳራሽ

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጥብስ እየበላ ነበር። እጁን ሳይታጠብ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አደረገና የአብዱልወሀብን ስልክ ተቀብሎ ፎቶዎቹን በአውራ ጣቱ ይገፋ ጀመር። አብዱልወሀብ ዓይኑን ከዚያ ጣት ላይ መንቀል አቃተው። ጣቱ በኮረብታው ላይ፣ በድልድዩ ላይ፣ በዋሻው አፍ ላይ ጮማ እየቀባ አለፈ። የአራት ዓመት ልፋት ነው እንዲህ የሚታሸው።

«ቆንጆ ነው ጋሼ» አለ ሥራ አስኪያጁ እያላመጠ። «ይሄ ሁሉ በካርቶን የተሠራ ነው?»

«ካርቶንም አለው፣ ጀሶም አለው። ከኮምቦልቻ ጣቢያ እስከ ዋሻው ያለው የባቡር መስመር ነው። ዘጠኝ ጠረጴዛ ነው፤ ሲገጣጠም አሥራ አንድ ሜትር ይሆናል።»

«ባቡሩ ይሄዳል?»

«ይሄዳል። ሁለት ባቡር አለን።»

«ኬክ ይችላል?»

አብዱልወሀብ ጥያቄው አልገባውም።

«ለሠርግ ነው የምልዎት። ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ ሠርግ አለበት። እናንተን ከማስወጣ ሙሽሮቹ ፊት ብናቆመው፣ ባቡሩ ኬኩን ጭኖ ቢመጣላቸው፣ ቪዲዮው ላይ እንዴት እንደሚያምር ያስቡት። ተራራውን ደግሞ በአበባ እንሸፍነዋለን።»

አብዱልወሀብ ስልኩን ተቀብሎ ወጣ። ፒያሳ መሐል ቆሞ በመሐረቡ አንዴ ጠረገው፤ አሸተተው፤ ደግሞ ጠረገው። ሽታው አለቀቀም።

አምስተኛው ቦታ ነበር። ትምህርት ቤቱ አዳራሻችን ወንበር ተከምሮበታል አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ወለሉ ይጫራል አለ። የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ ፑል የሚጫወቱትን ጎረምሶች ማስነሣት ስለፈራ «እነሱን ያናግሩልኝ» ብሎ አብዱልወሀብን ራሱን ወደ ጎረምሶቹ ላከው። አንዱ ነጋዴ ደግሞ በሩን እንኳ ሳይከፍት በመስኮት አናግሮ ሸኘው። አብዱልወሀብ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እንዲህ ደጅ ሲጠና የመጀመሪያው ነው። የሚያስጠላው እምቢታው አልነበረም። እምቢ ሲሉት እየሳቀ «ምንም አይደል፣ አላህ ይስጥልኝ» የሚለው የገዛ አፉ ነበር የሚያስጠላው።

የሚፈልገው አሥር ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት የሚዘጋበት አሥር ቀን። የሞዴል ባቡር ክበቡ ሰባት አባላት አሉት፤ በአራት ዓመት ውስጥ መስመሩን በሙሉ ያየ ሰው ቢኖር እነሱ ሰባቱ ናቸው። መስመሩ የተሠራበት የኮምቦልቻው መጋዘን ባለቤት እስካሁን በነጻ ሲያስጠጋቸው ቆይቶ ቅዳሜ ሲሚንቶ ይገባብኛል ብሏል። ከቅዳሜ በኋላ ጠረጴዛዎቹ ይፈታታሉ፤ አንዱ አንድ፣ አንዱ ሁለት እያለ በየቤቱ ወስዶ አልጋው ሥር ይከታል። ያኔ መስመር የሚባል ነገር የለም። ማንም ሳያየው ይበተናል።

በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ሲወርድ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብርቱካን እየላጠ ልጣጩን እግሩ ሥር ይጥል ነበር። አብዱልወሀብ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መጋዘኑ ውስጥ ሀፊዝ ብቻውን ጠበቀው። ሀፊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ባቡሮቹን የሚያንቀሳቅሱትን ሞተሮች ከተበላሹ ፕሪንተሮች አውጥቶ የገጠመው እሱ ነው። የቦርከናን ወንዝም በቫርኒሽ ያፈሰሰው እሱ ነው። ቫርኒሹ ደረቅ ሲል ቡኒ ሆኖ ቀረና ሁሉም ተናደደበት፤ በኋላ ወንዙን ሄደው አይተው ሲመለሱ ልክ ነህ አሉት።

«እህሳ ጋሽ አብዱ?»

«ኬክ ይችላል ወይ አለኝ።»

ሀፊዝ ትንሽ አሰበ። «ግማሽ ኪሎ ይችላል» አለ።

አብዱልወሀብ አልሳቀም። በስድስተኛው ጠረጴዛ በኩል ዞሮ ቆመ። ስድስተኛው ጠረጴዛ የሸሪፋ ነው። ሸሪፋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ሐዲዱ በሚያልፍበት መደብ ግራና ቀኝ አርባ አንድ ቤቶች ሠርታለች፤ እያንዳንዳቸው የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። ጣሪያቸውን ከወተት ቆርቆሮ ቆርጣ፣ አጥራቸውን ከመጥረጊያ ጭራሮ ተክላ፣ ሾላ ምንጭ የሚባለውን መንደር እንደነበረ አቁማዋለች። ሾላ ምንጭ አሁን የለም። ከአሥር ዓመት በፊት መስመሩ ሲዘረጋ ፈርሷል፤ ባቡሩ ግን እስካሁን አልመጣም። ሐዲዱ በላያቸው የሚያልፍባቸውን ቤቶች ሸሪፋ ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ ለጥፋቸዋለች። መጀመሪያ ላይ አባላቱ አጉረመረሙ። በኋላ ዓይናቸው ለመደው።

አብዱልወሀብ ግን አልለመደውም። ወደዚያ ጠረጴዛ የሚዞረው የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። አባላቱ ስለ እሱ የሚያውቁት መስመሩ ሲቀየስ የቀያሾች ረዳት እንደነበረ፣ ችካል ሲተክል እንደኖረ፣ እያንዳንዷን ኩርባ በእግሩ እንደሚያውቃት ነው። የሚያከብሩትም በዚሁ ነው። ረዳት ሆኖ በየመንደሩ ቀለም ይዞ እንደዞረ ግን አልነገራቸውም።

ረቡዕ ዕለት አንድ ዘመድ አገናኝቶት ከአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋር ተቀመጠ። ኃላፊው ሙንዚር ይባላል፤ ገና አርባ ያልሞላው፣ ሽቶው ከበሩ የሚቀበል ሰው ነው። አብዱልወሀብ አሳትሞ ያመጣቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በአግራፍ ጥፍሩን እየቆፈረ ተመለከታቸው። ከጥፍሩ የወጣውን በአግራፉ ጫፍ እያየ ወረቀት ላይ ያብሰዋል።

«አባቴ፣ ይሄማ ሀብት ነው» አለ። «አዳራሹን አሥር ቀን ሙሉ ውሰዱት። ማክሰኞ እንግዶች አሉብን። እነሱ አይተው ይሂዱ፤ ከዚያ ሕዝቡም ተማሪውም ይግባ። ሻይ በሉልኝ ለአባቴ።»

አብዱልወሀብ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አላህ ይስጥልኝ» አለ። ዛሬ ከልቡ ነበር።

«አንዲት ነገር ብቻ።» አግራፉ ፎቶው ላይ አረፈ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ቤቶች ናቸው። መስመሩ ሳይዘረጋ የነበሩ።»

«ተቆርጠዋል እኮ።»

«ሐዲዱ ስላለፈባቸው ነው።»

«እሱማ አለፈ» አለ ሙንዚር በትዕግሥት። «እንግዳው ግን ሊያይ የሚመጣው ባቡር ነው። ግማሽ ቤት ሲያይ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ማን ይመልሳል? እኔ። እርስዎ ደግሞ እኔ እንድቸገር አይፈልጉም። ዛፍ አድርጉበት። አረንጓዴ ነገር ለዓይንም ጥሩ ነው።»

«ልጅቷ ናት የሠራችው። ላማክራት።»

«ምን ያማክሯታል? የክበቡ ሰብሳቢ እርስዎ አይደሉም? አዳራሹን የሚጠይቅ ሌላም ሞልቷል አባቴ፣ ዛሬ ነው የምጽፈው።»

«እሺ» አለ አብዱልወሀብ።

ቃሏ ተንሸራታ ወጣች። ሻዩን አንሥቶ ፉት ሲል ጣፋጭነቱ ጉሮሮው ላይ ተለጠፈ። ሙንዚር ደብዳቤውን ፈርሞ በዚያው ጥፍሩን በቆፈረበት እጁ ጨበጠው። አብዱልወሀብም ጨበጠ፤ ደግሞም ጎንበስ አለ። ደረጃውን ሲወርድ ያንን ጎንበስ ማለቱን አስታወሰ። ግንቡ ሥር ሄዶ ተፋ።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መጋዘኑን ከፍቶ ገባ። ሰዓቱን የመረጠው ሸሪፋ ሥራ ላይ የምትሆንበት ስለሆነ ነው። ስድስተኛውን ጠረጴዛ ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገና በካተር ቤቶቹን ከሥራቸው እየፈለቀቀ ባዶ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ይጨምር ጀመር። ኮላው ጣቶቹን አጣበቃቸው። አንድ ቤት በተነቀለ ቁጥር ጀሶው ላይ ነጭ ቁስል ይቀራል። አሥር ነቀለ፤ አሥራ አምስት ነቀለ። ቶሎ ለመጨረስ ስለቸኮለ አንዱ ቤት ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ። አንሥቶ ሲያዞረው በሩ ላይ ቀይ ነገር አየ። በሮቹ ሁሉ እስከ ዛሬ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ዞረው ስለነበር በዚያ በኩል አይቷቸው አያውቅም።

መነጽሩን አደረገ።

ቁጥር ነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የተጻፈ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቁጥር። አሥራ ሰባት። ሰባቷ ወገቧ ላይ ሰረዝ አላት።

አብዱልወሀብ ሰባትን የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለ የለመደው ነው፤ ከቀያሾቹ መካከል እንደሱ የሚጽፍ አንድም ሰው አልነበረም። ከካርቶኑ ውስጥ ሌላ ቤት አወጣ፤ ሌላም። አራቷ አናቷ ክፍት ነው፤ ስድስቷ ጅራቷ ረጅም ነው። ቁጥሩ ሁሉ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሃያ ሰባት ቁጥር ያለበትን ሲያገኝ እጁ ቆመ። የሃያ ሰባት ቁጥር ከሌሎቹ በእጥፍ ይበልጣል። በሩን ሙሉ ይዞታል።

ያቺን ቤት አስታወሳት። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ወጥታ ምንድን ነው የምትጽፈው ልጄ አለችው። ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን ያውቅ ነበር። ግን ሰው ሲሰበሰብበት፣ ሲጠይቀው፣ ሲያለቅስበት አይወድም፤ ስለዚህ ማንም ሳያዘው በራሱ አፍ «ለቆጠራ ነው እናቴ» አላት። ሴትዮዋ የስንዴ እርዳታ መሰላት። እንደዚያ ከሆነ እንዳያልፉኝ ጎላ አድርገህ ጻፍልኝ አለችው። ጎላ አድርጎ ጻፈላት። እሷም መረቀችው። ምርቃቱን አሜን ብሎ ተቀብሎ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደ ሃያ ስምንት ቁጥር ሄደ።

ካተሩን አስቀመጠ። ኮላ የተጣበቀበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አልለቅ አለው። የሆቴሉ ሰውዬ ጣት ትዝ አለው። ያ ሰውዬ ቢያንስ ጥብሱን በግልጽ ነበር የሚበላው።

«ስንት ቀረ?»

ሸሪፋ በሩ ላይ ቆማለች። ክር ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሀፊዝ ስለ ደብዳቤው ነግሯት ይሆናል፤ ቀሪውን ራሷ ገምታዋለች።

«ሃያ አምስት» አለ አብዱልወሀብ።

«ቀስ ብለው ይንቀሉ። ቆርቆሮው ይቆርጣል።»

ገብታ ካርቶኑን አየችው። አልጮኸችም። ከውስጡ አንዱን አውጥታ የተጣመመ ጣሪያውን በጥፍሯ አቃናች።

«ታውቂኝ ነበር?» አላት።

«ቀለም የያዘውን ሰውዬ ማን ይረሳል ጋሽ አብዱ? አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባልዲውን ያዥልኝ ብለውኝ ይዤልዎታለሁ። የአክስቴን የእማ ጣይባን ቤት ሲጽፉ እኔ ነበርኩ ባልዲውን የያዝኩት።»

አብዱልወሀብ መነጽሩን አወለቀ።

«ክበቡ ስገባ እርስዎን አይቼ ልወጣ ነበር። ከዚያ ልቆይ አልኩ። አንድ ቀን ይናገራሉ ብዬ። ቤቶቹን ስለጥፍ ይናገራሉ፤ ቁጥሩን በእርስዎ እጅ አጣጣል ስጽፍ ያዩና ይናገራሉ። እርስዎ እንኳን ሊናገሩ ወደዚህ ጠረጴዛ መዞርም ተዉ።» ቤቱን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች። «ያኔ እንኳ ሰላምታ ሰጥተው ነበር የጻፉብን። ዛሬ እኔ በሌለሁበት መጡ።»

«መልሼ እለጥፈዋለሁ።»

«አዳራሹስ?»

«ይቅር።»

«ከቀረ ቅዳሜ መበተናችን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሸሪፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆይታ «የቅሬው ቤት አለ» አለች። «የእኛ የሾላ ምንጮች ቅሬ፣ ዕድራችን። አዲስ ሰፈር ስንገባ መጀመሪያ የሠራነው ቤት እሱ ነው፤ ለቅሶ ከሌለ ባዶውን ነው የሚውለው። ዘጠኝ ጠረጴዛ ይችላል። ግን እኔ አልለምንልዎትም። ራስዎ ሄደው በሩ ሥር ይቆማሉ።»

በዚያ ቅሬ ሕግ ዐፉ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ተቀመጥ እስኪባል ድረስ በሩ ሥር ይቆማል። አብዱልወሀብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሄዶ ቆመ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአግዳሚው ላይ ተደርድሯል፤ ሙታኑን አንድ ላይ ነው የሚቀብረው። ዳኛው ይስማው የሚባል ረጅም ሰው ነው፤ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አዳመጠው። አብዱልወሀብ ከጠረጴዛዎቹ ጀመረ። ዐፉውን አላነሣም።

«ባቡሩ መጣ በሉኛ» አለ ይስማው ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «አሥር ዓመት ጠብቀነው በጠረጴዛ ሊመጣልን ነው።»

«ሰው ይጭናል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንተን አይጭንም፣ ሆድህ አያስገባህም» አለው ጎረቤቱ። ተሳሳቁ።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ ይስማው። «ግን ቤት ለመጠየቅ በሩ ሥር አይቆምም። በሩ ሥር የቆምከው ምን አጥፍተህ ነው?»

አብዱልወሀብ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «በየበራችሁ ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለቆጠራ ነው ያልኳችሁም እኔ ነኝ። እንደሚፈርስ አውቅ ነበር። ዐፉ በሉኝ።»

አንዱ አግዳሚ ተንቋቋ። ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት ሻሿን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ጎላ አድርጎ የጻፈልኝ?»

«አዎ እናቴ።»

«ወፍረሃል» አለችው ጣይባ።

ውጭ ጠብቅ ብለው አስወጡት። አጥሩ ሥር ቆሞ በውስጥ የሚሉትን ሳይሰማ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሊሄድ አስቦ ነበር። እንዲህ ቆሞ ሲፈረድበት ራሱን አየና ቀፈፈው። ግን የሙንዚር ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጁን ሲከት ወረቀቱ ጣቱን ነካው፤ ያኛው ከዚህ የባሰ ቀፈፈው። ቆሞ ቀረ።

ይስማው ራሱ ወጣ። «ቤቱን ውሰድ» አለ። «ሰው የሞተ እንደሆነ በአንድ ሰዓት ታወጣለህ፤ ይሄ ለማንም ያለ ሕግ ነው። ቅጣት አለብህ። ቅጣቱን ጣይባ ትነግርሃለች፤ ዕቃው ይግባና።»

ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኙ ጠረጴዛ በኢሱዙ ተጭኖ ቅሬው ቤት ገባ። የተነቀሉት ቤቶች ሌሊቱን ተመልሰው ተለጥፈው፣ አንዳንዱ ጋደል ብሎ ነበር። ሀፊዝ ገመዶቹን አገናኝቶ ሁለቱን ባቡሮች ለቀቃቸው። ባቡሮቹ ከጣቢያው ተነሥተው፣ ቡኒውን ቦርከና ተሻግረው፣ ዋሻው ገብተው ወጡ። ያለ አንዳች መደናቀፍ። ለአብዱልወሀብ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሄደውለት አያውቁም።

ሰፈሩ ሁሉ ገባ። ባቡሩን ግን ያየው የለም። ሰዉ ሁሉ ስድስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ቤቱን ይፈልጋል። የኔ በር በዚህ በኩል አልነበረም፤ የናንተ አጥር እኮ ወደኛ ገብቶ ነበር፤ ሾላው የታለ፤ ሾላውን ረስታችሁታል።

«ባቡሩን እዩት እንጂ» አለ ሀፊዝ ከፍቶት። «ፉጨትም አለው።»

«እሱን ቆየት ብለን እናያለን» አሉት።

ጣይባ በሰው መካከል ተጋፍታ ደረሰች። ሃያ ሰባት ቁጥር ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከፊቱ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣቷን በቀዩ ቁጥር ላይ አሳረፈች።

«ይሄን አጥፋው» አለችው።

«እሺ እናቴ።»

«ቤቱ ሲፈርስ በሩን ይዤ ነው የመጣሁት። አዲሱ ቤቴ ላይ ገጠምኩት። ቁጥሩ አለቀቀኝም፤ ስፍቅ ኖርኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምንድን ነው ይለኛል። ቅጣትህ ይሄ ነው። እዚህም አጥፋው፤ ነገ ደግሞ ከቤቴ መጥተህ በሩ ላይ ታጠፋዋለህ።»

«የኔንም» አለ አንድ ሰው ከኋላዋ።

«እኔም በሬን ይዤ ነው የመጣሁት» አለች ሌላዋ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አየው፤ ሙንዚር ነው። መልሶ ከተተው። ሀፊዝ ብሩሽ ሊያጥብበት ያመጣውን አኳራጅ በጣሳ ቀዳለት፤ ሸሪፋ ከቦርሳዋ ጥጥ አውጥታ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየጠቀለለች ታቀብለው ጀመር። አብዱልወሀብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በሃያ ሰባት ቁጥር ጀመረ። የአኳራጁን ሽታ ወዲያው አወቀው፤ ያኔም ማታ ማታ እጁን የሚያጥበው በዚሁ ነበር። ሰባቷን አሸት አደረጋት። ቀዩ ለቆ በሩ ላይ ተዘረጋ፤ ሐምራዊ ቆሻሻ ሆነ።

«አልጠፋም» አለች ጣይባ ከትከሻው በላይ።

«አልጠፋም» አለ አብዱልወሀብ።

«የቤቴ በርም እንደዚሁ ነው። እሸው።»

ጥጡን ጣለና እጁን ዘረጋ። ሸሪፋ ሌላ ሰጠችው። ከኋላው ሰዉ ሳይታዘዝ ተራ ይዞ ቆሟል፤ ሁለቱ ባቡሮች ማንም ሳያያቸው ይመላለሳሉ።